ባለቤት የሌለው ሰንሰለት፦ የመንገደኛ መጠጥ ቤት በየካ ክፍለ ከተማ፣ ከእንጦጦ ግርጌ እስከ ላምበረት

አኅጽሮተ ጽሑፍ

ይህ አጭር ጽሑፍ በአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ፣ በየካ ክፍለ ከተማ፣ በመጓጓዣ ጣቢያዎች ዙሪያ የሚገኙትን ባህላዊ መጠጥ ቤቶች ይመለከታል። በሌሎች አገሮች በትልቅ ባቡር ጣቢያ አጠገብ የሚገኝ መጠጥ ቤት ብዙ ጊዜ የአንድ ድርጅት ቅርንጫፍ ስለሆነ መንገደኛው የሚጠብቀውን መጠጥ፣ ዋጋና መስተንግዶ ከመግባቱ በፊት ያውቃል። የአዲስ አበባ ጠላ ቤትና ጠጅ ቤት ድርጅትም ሆነ ማእከላዊ አስተዳደር ሳይኖራቸው ለእንግዳ ተመሳሳይ እርግጠኝነት ይሰጣሉ። ጽሑፉ ይህ እርግጠኝነት በምን ላይ እንደቆመ ከምልክቱ፣ ከመቀመጫው፣ ከመስፈሪያውና ከአጠማመቁ በመነሣት ይመረምራል፤ ቤቱን የሚያቆሙት የመንገደኛው የጥበቃ ሰዓትና የጠማቂዋ ግቢ ናቸው የሚል ሐሳብም ያቀርባል። የመስክ ቆጠራ አያቀርብም፤ ወደፊት ለሚደረግ ቆጠራ ግን መነሻና የአጎበኛኘት ዘዴ ይጠቁማል።

ቁልፍ ቃላት፦ ጠላ ቤት፣ ጠጅ ቤት፣ መንገደኛ፣ ቀላል ባቡር፣ መገናኛ፣ ላምበረት፣ እንጦጦ

መግቢያ

እ.ኤ.አ. በ1979 ቲም ማርቲን የተባለ ሰው በሰሜን ለንደን አንድ መጠጥ ቤት ከፈተ። ጄ. ዲ. ዌዘርስፑን በሚል ስም የታወቀው ይህ ድርጅት ዛሬ በብሪታንያ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤቶች አሉት፤ ከእነዚህ ጥቂቶቹ በባቡር ጣቢያዎችና በአውሮፕላን ማረፊያዎች ውስጥ ይገኛሉ። ድርጅቱ አሮጌ ሲኒማ ቤቶችን፣ የባንክና የፖስታ ሕንፃዎችን እየያዘ ወደ መጠጥ ቤትነት መለወጥ ልማዱ ነው። ግድግዳው ላይ የሰፈሩ ታሪክ ይሰቀላል፤ የምግቡና የመጠጡ ዝርዝር ግን ከከተማ ከተማ እምብዛም አይለያይም። ባቡሩን የሚጠብቅ ሰው ሻንጣውን ከእግሩ ሥር አድርጎ አንድ ብርጭቆ ሲያዝ በማያውቀው ከተማ የሚያውቀው ቤት ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው።

የከተማ ጥናት ተመራማሪዎች ይህን ዓይነት ቤት ብዙ ጊዜ የሚያነሡት «ሦስተኛ ቦታ» ከሚለው የሬይ ኦልደንበርግ ሐሳብ ጋር አያይዘው ነው። ኦልደንበርግ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው መጽሐፍ ከመኖሪያና ከሥራ ውጭ ሰዎች በእኩልነት የሚሰበሰቡበትን ቦታ በዚህ ስም ጠርቶታል። ሐሳቡ ለጎረቤት ደንበኛ ይስማማል። መንገደኛን ሲያስረዳ ግን ይደክማል፤ መንገደኛ ነገ አይመለስምና። እንግዳ ሰው የማያውቀውን ቤት ደፍሮ እንዲገባ የሚያደርገው ምንድን ነው? በለንደን መልሱ የድርጅቱ ስም ነው። በየካስ?

ከግብር ወደ ገበያ

«ጠጅ ቤት» የሚለው ስም ከመንገድ ዳር ንግድ ይቀድማል። በቤተ መንግሥት ሥርዓት «ቤት» የሥራ ክፍል መጠሪያ ነበር፤ ግምጃ ቤት፣ ወጥ ቤት፣ እንጀራ ቤት፣ ጠጅ ቤት፣ ጽሕፈት ቤት ሁሉ በዚህ መልክ የተሰየሙ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ጽሕፈት ቤት በመንግሥት ሥራ፣ ወጥ ቤት በየመኖሪያው ቀርተዋል። ጠጅ ቤት ብቻ ከግቢ ወጥቶ ገበያ ገባ።

የመውጣቱ ታሪክ ከእንጦጦ ይጀምራል። ምኒልክ ዋና ከተማቸውን በተራራው ላይ ባደረጉበት ዘመን፣ በ1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ እስከጫኑበትና ከዚያም በኋላ፣ ጠጅ የማዕረግ መጠጥ ነበር። ንጉሡ በጠጅ አጣጣል ላይ ገደብ ያደርጉ እንደነበር የውጭ ተጓዦች ጽፈዋል፤ የኢኮኖሚ ታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስትም ጉዳዩን በሰፊው አንሥተውታል። በግብር ላይ መኳንንቱ ጠጁን በብርሌ ሲጠጡ ተራው ሰው እንደ ማዕረጉ ከዚያ ያነሰውን ወይም ጠላውን ይጠጣል። ሰው የሚጠጣውን መጠጥ የሚወስነው የተቀመጠበት ቦታ ነበር። አሳላፊው ከመቅዳቱ በፊት ጥቂት በመዳፉ አንቆርቁሮ ይቀምሳል፤ ይህም መጠጡ ንጹሕ መሆኑን የሚያረጋግጥ ዋስትና ነው።

ከተማው ከተራራው ወርዶ በፍል ውሃ ዙሪያ ሲሰፋ፣ ወታደሩ፣ አናጢው፣ ነጋዴውና ተሸካሚው ከጌታ ግብር ውጭ የሚበሉበትና የሚጠጡበት ቦታ ፈለጉ። ድርጎ የማይደርሰው ሰው በሳንቲም ይገዛል። መጠጡን ከማዕረግ የለየው ይህ ነው፤ ቀድሞ በመኳንንት ፊት ብቻ ይቀርብ የነበረው ብርሌ ገንዘብ ላለው ሁሉ ቀረበ። ሆኖም ግብሩ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። አግዳሚው፣ ብርሌው፣ ቀድሞ መቅመሱ፣ አዝማሪው፣ ሁሉም ከአዳራሹ ተከትለው ወጥተዋል። በዚህ ረገድ የአዲስ አበባ ጠጅ ቤት ከአውሮፓው የመንገደኛ ማደሪያ ይልቅ ለአዳራሹ ይቀርባል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጠላ ሌላ መንገድ መጥቷል። ጠላ በየቤቱ ይጠመቃል፤ ለማኅበር፣ ለዝክር፣ ለሰንበቴ፣ ለሠርግ። ለጥር 11 እና 12 የማይጠምቅ ቤት በየካ ሚካኤል ዙሪያ ማግኘት ከባድ ነው፤ ታቦተ ሚካኤል በማግስቱ ሲገባ የሚያጅበው ሕዝብ በየደጁ ይጠጣልና። ጠላን ወደ ሽያጭ ያመጡት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፤ ባል የሞተባቸው፣ የፈቱ፣ ከገጠር የመጡ፣ ከሙያቸው በቀር መነሻ ገንዘብ የሌላቸው። ላቀች ድራሴ በአዲስ አበባ ሴቶች ኑሮ ላይ ባካሄዱት ጥናት ከተማው ለሴቶች ከፍቶት የነበረው የሥራ በር ምን ያህል ጠባብ እንደነበረ አሳይተዋል። በዚያ ጠባብ በር ውስጥ ጠላ መሸጥ አነስተኛ ወጪና ነባር ሙያ ብቻ የሚጠይቅ ሥራ ነበር።

ጣቢያና የጥበቃ ሰዓት

ባቡር ጣቢያ መጠጥ ቤትን የሚወልደው ሰው ስለሚያልፍበት ብቻ አይደለም፤ ሰው ስለሚጠብቅበት ነው። የጅቡቲው ባቡር ይህን ግልጽ ያደርገዋል። ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ በቀን ብቻ ስለሚጓዝ መንገደኛው በድሬዳዋና በአዋሽ ያድር ነበር። የአዋሹ ጣቢያ ቡፌ የተወለደው ከዚህ ማደር ነው፤ በአዲስ አበባም በለገሃር «ቡፌ ደ ላ ጋር» በተመሳሳይ ስም ቆመ። «ለገሃር» የሚለው የሰፈር ስም ራሱ የፈረንሳይኛው ጣቢያ ነው። በአገራችን ከጣቢያ ጋር ለተያያዘ የመጠጥ ቤት ሰንሰለት የሚቀርብ ነገር ቢኖር እነዚህ ቡፌዎች ናቸው። ደንበኛቸው ግን ባለ ቲኬቱ፣ የውጭ አገር ሰውና የባቡር ሠራተኛ ስለነበር ጠላ ጠጪውን አልነኩትም። አሮጌው መስመር ከቆመ በኋላ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኢትዮ ጅቡቲ ባቡር ጣቢያውን በከተማው ዳርቻ፣ በለቡ አካባቢ በማድረጉ ለገሃር ያለ ባቡር ቀረ።

የካ የባቡር ሰፈር የሆነው ዘግይቶ ነው። ከጦር ኃይሎች እስከ አያት 17 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የቀላል ባቡር ምሥራቅ ምዕራብ መስመር በጥቅምት ወር 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ልም ሆቴልን፣ መገናኛን፣ ጉርድ ሾላንና ሲኤምሲን አገናኘ። (ሲኤምሲና አያት በ2013 ዓ.ም. አዲሱ የለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ሲቋቋም ከየካ ወጥተዋል፤ በ2012 ዓ.ም. እና ከዚያ በፊት የተሰበሰበ የክፍለ ከተማ መረጃ ከኋለኛው ጋር ሲነጻጸር ይህ መዘንጋት የለበትም።) ትኬቱ መጀመሪያ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ለድሃ ተጓዥ የተመቸ ነው።

በመገናኛ መውጫ ቆሞ የሚመለከት ተማሪ ግን ጠላ ቤት አያገኝም። ሱቅ፣ የሞባይል መሸጫ፣ ምግብ ቤት፣ ድራፍት ቤት ይሞላዋል። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው ኪራይ ነው፤ በሕንፃ ምድር ቤት የሚጠየቀውን ኪራይ በጣሳ የሚሸጥ መጠጥ አይሸፍነውም። ሁለተኛው ከጥበቃ ሰዓት ጋር የተያያዘ ነው። የቀላል ባቡር ተሳፋሪ ፌርማታ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ የታክሲ ተሳፋሪም ማታ ማታ ረጅም ሰልፍ ውስጥ ነው። ሁለቱም ቦታቸውን ትተው ሊቀመጡ አይችሉም። የሚጠብቁት በእግራቸው ቆመው ስለሆነ ሰዓታቸው ለቆሎ ሻጭና ለጀብሎ እንጂ ለመጠጥ ቤት አይሆንም። የአጥሩ ጉዳይም አለ፤ ሐዲዱ በአብዛኛው በመንገዱ መሐል በአጥር ተከልሎ ስለሚሄድ እግረኛው የሚሻገረው በተወሰኑ ቦታዎች ብቻ ነው። ቀድሞ ከመንገዱ ወዲያና ወዲህ በአቋራጭ ይመጣ የነበረ ደንበኛ መንገዱ ረዝሞበታል።

ጠላ ቤቱን የሚፈልግ ሰው ከመገናኛ ተነሥቶ ሦስት አቅጣጫዎችን በእግሩ መከተል ይኖርበታል። የመጀመሪያው ወደ ሾላ ገበያ ነው፤ ጌሾ፣ ብቅል፣ ገብስና ማር የሚሸጥበት ስለሆነ ጠማቂዋም ጠጪውም እዚያ ይገናኛሉ። ሁለተኛው ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮንና ወደ እንጦጦ ግርጌ የሚወጣው ነው። ሦስተኛው በኮተቤ በኩል ወደ ላምበረት መናኸሪያና ወደ ደሴ መንገድ ይሄዳል።

ከሦስቱ ለዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ላምበረት ይበልጣል። የረጅም ርቀት አውቶቡስ ጎሕ ሳይቀድ ስለሚነሣ ከሩቅ ሰፈር ወይም ከሌላ ክፍለ አገር የመጣ መንገደኛ በዋዜማው በአካባቢው ያድራል። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ መኝታ ያለው ጊዜ ሻንጣ ይዞ ቁጭ ብሎ የሚጠበቅበት ጊዜ ነው። ለገሃር በባቡሩ ዘመን የነበረው የጥበቃ ሰዓት ዛሬ ያለው በመናኸሪያ ነው። ስለዚህ «በባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለ መጠጥ ቤት» የሚለው ርእስ በአዲስ አበባ ሲጠና ወደ አውቶቡስ መናኸሪያ መዞሩ አይቀርም። ርእሱን ከውጭ ጽሑፍ እንዳለ ወስዶ በቀላል ባቡር ፌርማታ ላይ መጠይቅ ማሰራጨት ባዶ ቅጽ ይዞ መመለስን ያስከትላል።

የእንጦጦው መንገድ ደንበኛ ሌላ ነው። ተራራው እስከ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ ከተማው ከብዙ መቶ ሜትሮች በታች ነው። በምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ተራራውን ከሸፈነው ወዲህ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች የዚህ ዳገት መደበኛ መንገደኞች ሆነው ኖረዋል። የሚያወርዱት ማገዶ ከሚያርፍባቸው ምድጃዎች መካከል የጠማቂዋ ምድጃ አንዱ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የእንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህ ወደ ተራራው የሚወጣው ሰው ዓይነት ተለውጧል፤ በመኪና የሚወጣ ጎብኚ በግርጌው አይወርድም።

ምልክት፣ መቀመጫ፣ መስፈሪያ

ወደ መነሻው ጥያቄ ስንመለስ፣ እንግዳው የማያውቀውን ጠላ ቤት በምን ያውቀዋል? በመጀመሪያ በምልክቱ። በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ ወይም ኩባያ በደጅ ከተተከለ ቤቱ ጠላ አለው ማለት ነው። ጽሑፍ የለበትም፤ ፊደል የማያውቅም ከሩቅ የሚመጣም ያነበዋል። በጎንደር፣ በደሴ፣ በደብረ ብርሃን እና በኮተቤ ያው ጣሳ ነው። የንግድ ምልክት ዋና ሥራ እንግዳ ሰው ሳይጠይቅ እንዲገባ ማድረግ ከሆነ ይህ ጣሳ ማንም ሳያስመዘግበው በአገሪቱ ሰፊ ክፍል ሥራውን ሲሠራ የኖረ የንግድ ምልክት ነው። ማስታወቂያ ተብሎ እንኳ አይታሰብም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ ሲከለክልና ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው እንዳይሸጥ ሲደነግግ ቢራ ፋብሪካዎቹን አስጨነቀ፤ የእንጨቷን ጣሳ ግን የሚነካት አልነበረም።

ሁለተኛው መቀመጫው ነው። መጠጥ ቤቶችን በመቀመጫቸው መለየት በስማቸው ከመለየት ይሻላል። በጠላ ቤት ከግድግዳው ጋር የተያያዘ መደብ ወይም ዝቅ ያለ ዱካ አለ፤ በጠጅ ቤት ረጅም አግዳሚና ረጅም ጠረጴዛ፤ በቡና ቤት ባንኮኒ። ባንኮኒ ከጣልያንኛ የመጣ ቃል ነው፤ ነገሩም በጣልያኖች ዘመን ከመጣው የ«ባር» ሥርዓት ጋር የተዛመደ ነው። (ቢራ የሚሸጠው ቤት «ቡና ቤት» መባሉ ለውጭ ተመራማሪ ሁልጊዜ ግራ ያጋባል፤ በጥናት መጠይቅ ላይ ቃሉ ያለ ማብራሪያ ከተቀመጠ መልሱም የተደበላለቀ ይሆናል።) ልዩነቱ የቁሳቁስ ብቻ አይደለም። ባንኮኒ ሻጭንና ጠጪን ይለያል፤ ሻጭ ከኋላ፣ ገንዘቡም ከኋላ ነው። አግዳሚ ጠጪን ከጠጪ ያጠጋል፤ ዘግይቶ የመጣ ሰው «ተጠጉልኝ» ብሎ ይቀመጣል። በመደብ ላይ የተቀመጠ ሰው ደግሞ በአንዲት ሴት ቤት ውስጥ ያለ እንግዳ ነው፤ ስለዚህ «እትዬ» ወይም «እማማ» ብሎ ይጠራታል፤ ጠላ ሲያዝም ልመና በሚመስል ድምፅ ነው። ባለቤቷም የሚበዛበትን ሰው «ይበቃሃል ልጄ» ብላ ትመልሳለች። በቅርንጫፍ ቤት ያለ አስተናጋጅ ይህን ለማለት የተጻፈ መመሪያ ያስፈልገዋል።

ሦስተኛው መስፈሪያው ነው፤ በዚህ ላይ ጥናቱ ሊበለጽግ ይችላል። ጠላ በጣሳ ወይም በኩባያ፣ ጠጅ በብርሌ፣ አረቄ በመለኪያ ይቀርባል። የአረቄው ብርጭቆ ስም «መለኪያ» መሆኑን ልብ ይሏል፤ ዕቃው ራሱ ልኩ ነው። እነዚህ ልኮች በመንግሥት ማኅተም የተረጋገጡ አይደሉም፤ ጠጪው ግን በዓይኑ ያውቃቸዋል። የብርሌ አንገት ላይ ጠጁ የሚደርስበት ቦታ በሁሉም ጠጅ ቤት ያው ነው፤ ዝቅ ካለ ወዲያው ይታያል። የመጠጡም ደረጃ ስም አለው። ጠጅ ለስላሳ፣ መካከለኛና ደረቅ ተብሎ ይታዘዛል፤ ጠላ ከቅራሪ ይጀምርና እስከ ፊልተር ይደርሳል፤ አረቄ ተራ ነው ወይም ዳግም። በአልኮል መጠን ተራው ጠላ ከ2 እስከ 4 በመቶ ገደማ ነው፤ ፊልተሩ ከዚያ ይበልጣል፤ ጠጅ ከ7 እስከ 11 በመቶ ባለው ውስጥ ብዙ ጊዜ ይገኛል፤ ዳግም አረቄ ወደ 45 በመቶ ይጠጋል። መንገደኛው ቁጥሩን ባያውቅም ስሙን ያውቃል፤ ነገ ማለዳ የሚሳፈር ሰው ማታ ቅራሪ ማዘዙ ከዚህ እውቀት ነው።

ዋጋ ሲንር ይህ ሥርዓት ፈተና ላይ ይወድቃል። የጌሾ፣ የገብስና የማር ዋጋ ሲጨምር ጠማቂዋ ሦስት ምርጫ አላት፦ ዋጋ መጨመር፣ መስፈሪያ ማሳነስ፣ ወይም መጠጡን ማቅጠን። መስፈሪያው የታወቀ ስለሆነ ማሳነስ ያሳፍራል። ዋጋ መጨመር ደንበኛን ያሸሻል። ማቅጠን ግን ለጥቂት ቀን አይታወቅም፤ በጠጅም በማር ፋንታ ስኳር መግባቱ ለዚህ ነው። ከሦስቱ የትኛው መቼ እንደሚመረጥ የሚያሳይ የአንድ ዓመት መዝገብ ከጥቂት ቤቶች ቢሰበሰብ ስለ ከተማው የኑሮ ውድነት ኦፊሴላዊው የዋጋ ጠቋሚ የማይነግረውን ይናገራል።

አራተኛውና ከሁሉ የማይታየው አጠማመቁ ነው። ጋኑ በግራዋ ይታጠባል፤ በወይራ ወይም በጥንጁት ይታጠናል። ጌሾና ብቅል በውሃ ተደርጎ ይጠነሰሳል። ከቀናት በኋላ ቂጣ ወይም እንኩሮ ገብቶ ይደፈደፋል፤ ከዚያ ውሃ ተሞልቶ ይከደናል። ይህ ቅደም ተከተል ከእናት ወደ ልጅ፣ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ሲተላለፍ የኖረ ነው፤ በየቤቱ ልዩነት ቢኖርም ጠጪው ጠላውን ጠላ ነው የሚያሰኘው መሠረቱ አንድ ነው። ጋኑ በፕላስቲክ በርሜል እየተተካ መሆኑ እጥነቱን ትርጉም ያሳጣዋል፤ ፕላስቲክ ጢስ አይዝም።

ቢራ ፋብሪካዎች ከዚህ ሥርዓት ጎን ሌላውን ዓይነት ሰንሰለት ዘርግተዋል። ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ ባለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ተጀምሮ ፋብሪካዎቹ ለየቡና ቤቱ የስም ሰሌዳ፣ ወንበር፣ ጃንጥላና ማቀዝቀዣ ሲሰጡ ቆይተዋል፤ የጃምቦው ብርጭቆ ላይ የፋብሪካው ስም አለ። በመገናኛ ዙሪያ ለእንግዳ ዓይን «ቅርንጫፍ» የሚመስሉት ቤቶች እነዚህ ናቸው። ቤቱ የግለሰብ ነው፤ ወንበሩ የፋብሪካ።

የአጎበኛኘት ነገር

በመጠጥ ቤት ላይ ከተሠሩ የመስክ ጥናቶች ቀዳሚው «ማስ ኦብዘርቬሽን» የተባለው የብሪታንያ ቡድን በቦልተን ከተማ አካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1943 ያሳተመው ነው። ተመልካቾቹ እንደ ተራ ጠጪ ገብተው ሰው በስንት ደቂቃ ብርጭቆ እንደሚጨርስ እስከ መለካት ደርሰዋል፤ አብረው የተቀመጡ ሰዎች ብርጭቋቸውን እኩል እያጎደሉ እንደሚጠጡም አስተውለዋል። ዘዴው የማወቅ ጉጉት ያነሣሣል፤ በየካ ጠላ ቤት ግን እንዳለ ሊወሰድ አይገባም። በ1930ዎቹ የቦልተን መጠጥ ቤት ፈቃድ ያለው የሕዝብ ቤት ነበር። ጠላ ቤት የአንዲት ሴት መኖሪያ ነው። ማስታወሻ ደብተር ይዞ የገባ ወጣት በመጀመሪያ የሚጠረጠረው የገቢዎች ወይም የደንብ ማስከበር ሠራተኛ ተብሎ ነው፤ ጥርጣሬውም መሠረት አለው። ማንነትን ደብቆ መጠጣትና መቁጠር ለአጥኚው ቀላል ሊመስል ይችላል፤ የጉዳቱ ከፋይ ግን ባለቤቷ ናት።

የተሻለው መንገድ የሚጀምረው ከጠማቂዋ እንጂ ከጠጪው አይደለም። ጥንስሱ ከተጀመረበት ቀን አንሥቶ አንድ ድፍድፍ እስኪያልቅ ድረስ መከታተል የአጥኚውን ቆይታ ትርጉም ይሰጠዋል፤ ሥራውን ሲያይ ዋጋውን፣ ማገዶውን፣ የውሃውን ወረፋ፣ የረዳቷን ደመወዝ ያያል። ጠጪውን በተመለከተ ሰዓት መለየት ግድ ነው። የቀን ሠራተኛ ከሥራ መልስ ይገባል፤ የሰፈር ሽማግሌ ከእሱ ይቀድማል፤ የመናኸሪያ አዳሪ ከሁለቱም በኋላ ይመጣል። በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት የተሞላ መጠይቅ ሦስተኛውን ጨርሶ አያገኘውም። ፎቶግራፍ አለማንሣት፣ የቤቱን አድራሻ በሰፈር ደረጃ ብቻ መመዝገብ፣ የተጠጣውን ሙሉ ዋጋ መክፈልም ከፈቃድ መጠየቅ ጋር አብረው የሚሄዱ ናቸው።

ቤቱ ሲነሣ

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት ሥር ከአራት ኪሎ ወደ መገናኛ፣ ከመገናኛም ወደ ቦሌ የሚወስዱት መንገዶች ሰፍተዋል፤ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ተሠርቷል፤ በዳር የነበሩ ቤቶች ተነሥተዋል። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲፈርስ የአዝማሪ ቤቶቹ ጉዳይ ብዙ ተነግሯል፤ ስማቸው የታወቀ፣ የውጭ እንግዳ የሚጎበኛቸው ነበሩና። ጣሳ የሰቀለ ቤት ሲነሣ ይህን ያህል አይወራለትም።

የጠማቂዋ ሁኔታ ከሕግ አንጻር ሲታይ ይወሳሰባል። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን ወደ መንግሥት ካዞረ በኋላ የመሐል ከተማ ድሃ ነዋሪ ብዙው በአነስተኛ ኪራይ በቀበሌ ቤት ኖሯል፤ ከጠማቂዎች ብዙዎቹ በዚህ ውስጥ ናቸው። ተከራይ ስለሆኑ የቤቱ ካሳ የእነሱ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ከቀድሞው በተለየ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥና ለኢኮኖሚ ጉዳት የሚከፈል ካሳን አውቋል፤ ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን የገቢ ጉዳት በማስረጃ የሚረጋገጥ ነው። ፈቃድ ያላወጣች፣ ሒሳቧን በቃሏ የምትይዝ፣ ደንበኞቿ አላፊ መንገደኞች የሆኑ ሴት ገቢዋን በምን ታስረዳለች?

ምትክ ቤቱ ኮንዶሚኒየም በሚሆንበት ጊዜ ጥያቄው ወደ ሕንፃው ይገባል። ጠላ እንኩሮ የሚነኮርበት እሳት፣ ብቅልና ጌሾ የሚሰጣበት ፀሐይ፣ ጋን የሚታጠንበት ደጅ ይፈልጋል። በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች መርሐ ግብር ይህን በከፊል አስቦበት ነበር፤ በየግቢው ለእርድ፣ ለእንጀራ መጋገሪያ፣ ለልብስ ማጠቢያና ለድግስ የሚሆኑ የጋራ መገልገያ ቤቶች ሠርቷል። በየካ አባዶና በኮተቤ ዙሪያ ባሉ ግቢዎች እነዚህ ቤቶች አሁን ለምን አገልግሎት እንደዋሉ፣ ቁልፋቸው በማን እጅ እንደሆነ፣ ለዝክር ጠላ የሚፈቅድ የግቢ ኮሚቴ ለሽያጭ ጠላም ይፈቅድ እንደሆነ ማጣራት ለአንድ የማስተርስ ጥናት በቂ ሥራ ነው። ጥናቱ ከላምበረት የሚጀምር ከሆነ ሌላም የሚለካ ነገር አለ፤ ከመናኸሪያው በር እስከ አዲሱ ግቢ ያለው ርቀት ሻንጣ ለተሸከመ ሰው፣ በምሽት፣ በእግር ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ።